በሳይክል ስሄድ ትንኝ ዋጥኩ፤ ያሰጋኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ34 ዓመት ሰው ነኝ፤ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ሥራ የምመላለሰው በሳይክል ነው። ባለፈው ሳምንት ማታ በሐይቁ ዳር ስመለስ ትንኝ አፌ ውስጥ ገባችና ዋጥኳት። ሆዴ ውስጥ ምን ታመጣብኝ ይሆን? ትንሿ ጣቴና የቀለበት ጣቴም ይደነዝዙኛል። በዚያው ሰሞን የሰፈር ውሻ አባሮኝ ባቴን ጫር አድርጎኛል። ብዙም አልደማም፤ ፌጦ አድርጌበታለሁ። ትንኟ ግን እንቅልፍ ነሳችኝ።

መልስ፦ ትንኟ ያኔውኑ አልቆላታል። ጨጓራዎ እንደበሉት ሥጋ ፈጭቷታል፤ እዚያ ተቀምጣ እንቁላል አትጥልም። ንብ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። አፍ ውስጥ ወይም ጉሮሮ ላይ የነደፈች ንብ እብጠቷ መተንፈሻ ሊዘጋ ስለሚችል ቶሎ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ጣትዎ የሚደነዝዘው የሳይክሉን መሪ ሲደገፉ በመዳፍዎ ሥር የሚያልፈው ነርቭ ስለሚጫን ነው። እየነዱ የእጅዎን አያያዝ ይቀያይሩ። መሪው ላይም ለስለስ ያለ ነገር ይጠቅልሉበት። ካልተሻለዎት ወይም እጅዎ ዕቃ መያዝ ካቃተው ይታዩ።

አሁን ወደ ውሻው። ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት፤ እንቅልፍ የነሳዎት ትንኟ አትመስለኝም።

“ብዙም አልደማም” ማለት ደምቷል ማለት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ያለው በምራቁ ውስጥ ነው፤ ለመግባት ትንሽ ጭረት ይበቃዋል። ከዚያ ከባትዎ ተነስቶ ነርቭ ነርቩን ይዞ ወደ አንጎል ያዘግማል። ብዙውን ጊዜ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጅበታል። ስለዚህ አልረፈደብዎትም፤ በዚህ ይጽናኑ። ምልክቱ አንዴ ከታየ ግን የሚያድን መድኃኒት የለንም። ውሃ ጠምቶት ብርጭቆው ገና ወደ አፉ ሲጠጋ ጉሮሮው የሚኮማተርበት ሰው አይቻለሁ። እሱም “ትንሽ ጭረት ናት” ብሎ ነበር።

ፌጦውን ምን ልበልዎ! ፌጦም ሆነ ነጭ ሽንኩርት ቁስሉን ያቆጣዋል እንጂ ቫይረሱን አይገድልም። አንድ ሳምንት ሙሉ ያባከነብዎት እሱ ነው። ቫይረሱን የሚጎዳው ተራ ሳሙና ነው፤ የለበሰውን የስብ ሽፋን ያፈርስበታል። ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ መታጠብ ነበረበት። አሁንም ይጠቡት፤ ግን በእሱ ብቻ አይመለሱ።

ምናልባት የፈሩት እምብርት ዙሪያ ይወጋል የሚባለውን መርፌ ይሆናል። እሱ የድሮው ክትባት ነው። ዘመናዊው ክንድ ላይ የሚሰጥ ሲሆን በአንድ ወር ውስጥ 4 ወይም 5 ጊዜ ነው። ቁስልዎ ስለደማ ቁስሉ ላይ የሚወጋ ተጨማሪ መድኃኒትም ሊታዘዝልዎ ይችላል።

ውሻው በሕይወት ካለ እንዳይገድሉት፤ ታስሮ ይጠበቅ። ከጫረዎት ቀን ጀምሮ 10 ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሐኪሙ ክትባቱን ሊያስቆምልዎ ይችላል። “ደህና ይመስላል” ብሎ መጠበቅ ግን አይሆንም፤ ምልክት ሳያሳይም ቀደም ብሎ ያስተላልፋል።

ዛሬውኑ ከሥራ አስፈቅደው ይሂዱ። በአቅራቢያዎ ያለው ጤና ጣቢያ ክትባቱ ከሌለው የት እንደሚገኝ እዚያው ጠይቀው ሳይመሽ ይድረሱ። ሲወጡም የሚቀጥለውን ቀጠሮ ካርዱ ላይ ያስጽፉ።