«ወተት የለኝም» ስትላችሁ፣ መጀመሪያ ስታጠባ ተመልከቷት

የጤና ባለሙያዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ እሠራለሁ። በወለዱ በ3ኛውና በ4ኛው ቀን «ወተት የለኝም» እያሉ የሚመጡ እናቶች በዝተውብኛል። ባለፈው ሳምንት የመጣችው እናት ልጇ ሲወለድ 3,200 ግራም ነበር፤ በ4ኛው ቀን 2,950 ሆነ። አያቱ የዱቄት ወተት ገዝተው ይዘው ነበር የመጡት። ልከልክል ወይስ ዝም ልበል ግራ ገባኝ። (አዋላጅ ነርስ)

መልስ፦ ቁጥሩን አብረን እናስላው። የቀነሰው 250 ግራም ነው፤ ለ3,200 ሲካፈል 7.8 በመቶ ይሆናል። ጤነኛ አራስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እስከ 7 በመቶ ቢቀንስ የተለመደ ነው። ከ7 እስከ 10 ባለው መካከል ሲሆን አጠባቡን በዓይን አይቶ ማረምና በ24 ሰዓት ውስጥ መልሶ መመዘን ያስፈልጋል። 10 ካለፈ፣ ወይም ልጁ ከደከመ፣ ቢጫነቱ ከበረታ፣ ሽንት ካጣ ግን ተጨማሪ መመገቡም ሪፈሩም ለነገ የሚባል አይደለም። የእርስዎ ልጅ መካከል ላይ ነው፤ ስለዚህ ሥራው ገና አልተሠራም።

ሚዛኑንም ይመልከቱ። ብዙ ጊዜ ተሰቅሎ የሚመዘንበት ሚዛን ክፍፍሉ 100 ግራም ነው። ወተት ከገባ በኋላ ደህና የሚጠባ ልጅ በቀን የሚጨምረው ከ20 እስከ 30 ግራም ስለሆነ በዚህ ሚዛን የአንድ ቀን ለውጥ ሊታይ አይችልም። በ10 ግራም የሚቆጥረውን የአራስ ሚዛን ይጠቀሙ፤ ልጁ ራቁቱን፣ ሁልጊዜ በዚያው ሚዛን ይመዘን። እናቲቱ በምጥ ወይም በቀዶ ጥገና ጊዜ ብዙ ግሉኮስ ተሰጥቷት ከሆነ ደግሞ የልጁ የልደት ክብደት በውኃ ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል።

ወተት «የሚገባው» በአብዛኛው ከ30 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። እስከዚያ ያለው እንገር ነው፤ መጠኑም ትንሽ ነው፦ በ1ኛው ቀን በአንድ ጥቢ ከ2 እስከ 10 ሚሊ ሊትር፣ በ2ኛው ከ5 እስከ 15፣ በ3ኛው ከ15 እስከ 30። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ስለሚይዝ፣ ማንኪያውን ለእናቲቱ አሳይተው «የመጀመሪያው ቀን ሆዱ የሚፈልገው ይቺን ነው» ማለት ከብዙ ንግግር ይሻላል። ከ72 ሰዓት በኋላም ጡቱ ካልሞላ ምክንያት ይፈልጉ፦ የመጀመሪያ ልጅ፣ ቀዶ ጥገና፣ ብዙ ደም መፍሰስ፣ ስኳር። ደሟ አልቆም ብሎ ወተትም ካልመጣ የእንግዴ ልጅ ቅሪት መኖሩን ሳያጣሩ አይሸኟት።

ዋናው ነገር ግን ስታጠባ ማየት ነው። ጡቷን ሳይነኩ አጠገቧ ተቀምጠው አንድ ሙሉ ጥቢ ይመልከቱ። አጎራረሱ ጥሩ ሲሆን አፉ በሰፊው ተከፍቷል፣ አገጩ ጡቱን ነክቷል፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጧል፣ በጡት ጫፉ ዙሪያ ካለው ጥቁር ክፍል ከላይ የሚታየው ከታች ከሚታየው ይበልጣል። ወተት ሲወርድለት በአንድ ወይም በሁለት መሳብ አንዴ ይውጣል፤ መዋጡ ይሰማል። ጉንጩ ወደ ውስጥ እየገባ ሲጠባ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካሰማ፣ ወይም የጡቱ ጫፍ ከአፉ ሲወጣ ጠፍጥፎ ከታየ፣ ጫፉን ብቻ ነው የያዘው። ያኔ እናቲቱን ያማታል፣ ልጁም በቂ ወተት አያገኝም።

ሲያርሙ፦ ትንሿን ጣቷን በአፉ ጥግ አስገብታ ታላቅቀው። ሆዱ ከሆዷ፣ አፍንጫው ከጡቱ ጫፍ ትይዩ ይሁን። የላይኛውን ከንፈሩን በጫፉ ነክታ አፉ እስኪከፈት ትጠብቅ፤ ሲከፍት በትከሻው ስባ አገጩ ቀድሞ እንዲነካ ታድርግ። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ነው፤ ማጅራቱን እንገፋለን። ሲገፋ ልጁ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ አፉንም ይዘጋል።

በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥባ። ጡት የሚያመርተው በወጣለት ልክ ነው፤ በጥቢ ፋንታ የተሰጠ እያንዳንዱ ጡጦ አንድ ጊዜ ሳይወጣ የቀረ ወተት ነው። ጭማሪ ካስፈለገ ከጥቢው በኋላ የራሷን ወተት አልባ በሲኒ ትስጠው።

አያቱን ደግሞ ተባባሪ ያድርጓቸው። «እማማ፣ የረጠበውንና የቆሸሸውን ጨርቅ ይቁጠሩልኝ» ይበሏቸው። ከ5ኛው ቀን ጀምሮ ሽንቱ 6 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ሰገራውም ቢጫ መሆን አለበት። በ4ኛው ቀን ሰገራው እንደ ጥቁር ቅባት ከሆነ የሚገባው ወተት ትንሽ ነው፤ ይህን ከማንም ቀድመው የሚያዩት እሳቸው ናቸው።

ጥያቄ፦ በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ቤት ለቤት እዞራለሁ። ልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ እናት ልጇ 3 ወር ከግማሽ ሆኖት ሥራ ልትገባ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ወጥታ ከቀኑ 10 ሰዓት ትመለሳለች። ፍሪጅ የላትም። (የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ)

መልስ፦ ይቻላል፤ ግን ዝግጅቱ ሥራ ከመግባቷ 2 ሳምንት በፊት ይጀመር። በዚህ ዕድሜ ልጅ በ24 ሰዓት ወደ 750 ሚሊ ሊትር ይጠባል፤ ለ10 ሰዓት 300 ያህል ይደርሰዋል። ልትወጣ ስትል ታጥባው፣ እንደገባችም ታጥባው፤ በመካከል እያንዳንዳቸው 100 ሚሊ ሊትር የሆኑ ሦስት ጊዜዎች ይቀራሉ።

አስተላለቡ እንዲህ ነው። እጅ በሳሙና ይታጠባል። አውራ ጣት ከላይ፣ አመልካች ጣት ከታች፣ ከጫፉ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀው ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ወደ ደረት አጥንት ይገፋሉ፣ ቀጥሎ ሁለቱ ጣቶች ይጫናሉ፣ ከዚያ ይለቀቃሉ። ጣት በቆዳው ላይ ከተንሸራተተ ያቆስላል እንጂ ወተት አያወጣም። መጀመሪያ ላይ ምንም ላይመጣ ይችላል፤ እዚያ ላይ ተስፋ የሚቆርጡ ብዙ ናቸው። በየጡቱ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ እያቀያየረች፣ በጠቅላላው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ትቀጥል።

ወተቱ የሚቀመጠው ክዳን ባለው፣ ታጥቦ በተቀቀለ ጠርሙስ ነው። እስከ 25 ዲግሪ በሆነ ክፍል 4 ሰዓት ይቆያል፤ በጣም በንጽሕና ከታለበ ከ6 እስከ 8 ሰዓትም ተቀባይነት አለው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ድርሻዎች ጥላ ውስጥ ይቆዩ፣ ሦስተኛውን ጎረቤት ፍሪጅ ውስጥ ከኋላ በኩል ታስቀምጥ፤ እዚያ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ስቡ ከላይ ቢንሳፈፍ አልተበላሸም፤ ቀስ ብሎ ማዟዟር ነው። ማፍላት የለም፤ ጠርሙሱን ሙቅ ውኃ ውስጥ ማቆም ይበቃል። ልጁ ጀምሮ የተወውን በ2 ሰዓት ውስጥ ካልጨረሰው ይደፋ።

ጡጦውን ይተዉት። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የጡጦን ጫፍና አንገት በየጊዜው በደንብ ማጠብ ከባድ ነው። የቡና ሲኒ ግን በቀላሉ ይጸዳል። ጠርዙ ያልተሸረፈ ይሁን። ልጁ ቀና ብሎ ይቀመጥ፣ እጆቹ ይጠቅለሉ፤ የሲኒው ጠርዝ በታችኛው ከንፈሩ ላይ ይረፍ፤ ወተቱ ከንፈሩን እስኪነካ ብቻ ይዘንበል። እሱ ራሱ በምላሱ ይልሳል ወይም ይመጠምጣል። ወደ አፉ ማፍሰስ ትን ያሰኘዋል፤ ለሞግዚቷ ይህን በእጅዎ ያሳዩአት።

ፋብሪካም ውስጥ በየ3 ሰዓቱ ትለብ፤ ካልሆነ ጡቷ ግት ብሎ ያማታል፣ ወተቷም ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ቃሊቲ ነኝ። ጡቷ በአንድ በኩል ቀልቶ ላበጠ እናት በሙቅ ፎጣ ጠንከር አድርጋ እንድታሸው፣ ጡቱንም ባዶ እስኪሆን እንድታልብ እንመክራለን። ልክ ነን? (ነርስ)

መልስ፦ ይህ ምክር ተቀይሯል። የጡት ማጥባት ሕክምና አካዳሚ በ2022 ባወጣው መመሪያ መሠረት ዋናው ችግር የተደፈነ ቱቦ ሳይሆን በቱቦዎቹ ዙሪያ ያለ እብጠት ነው። ጠንክሮ ማሸት እብጠቱን ያባብሳል፤ ከሚፈለገው በላይ ማለብም ምርቱን ጨምሮ ችግሩን ይመልሰዋል። ቀዝቃዛ ጨርቅ፣ ኢቡፕሮፌን ወይም ፓራሲታሞል፣ ዕረፍት፤ ልጁም እንደ ወትሮው ይጥባ። በድንገት ማቋረጥ መግል እንዲቋጥር ያደርጋል። በ24 ሰዓት ካልተሻላት ወይም ትኩሳቷ ከበረታ ክሎክሳሲሊን 500 ሚሊ ግራም በየ6 ሰዓቱ ከ10 እስከ 14 ቀን ይታዘዝ፤ የፔኒሲሊን አለርጂ እንዳለባት መጠየቅ አይረሳ። ሲነካ ውኃ የያዘ የሚመስል እብጠት ካለ መግል ነው፤ አልትራሳውንድ ታይቶ ይቀዳ።

ጥያቄ፦ የዱቄት ወተት የሚሸጥ ድርጅት ወኪል ፖስተርና ናሙና ትቶልን ሄደ። ለድሃ እናቶች ብንሰጥስ? (ከካራ)

መልስ፦ አይሆንም። በ1981 የጸደቀው ዓለም አቀፍ የጡት ወተት ተተኪዎች ግብይት ደንብ በጤና ተቋም ማስተዋወቅንም ለእናቶች ናሙና መስጠትንም ይከለክላል። ናሙናው በቀናት ያልቃል፤ ያን ጊዜ ግን የእናቲቱ ወተት ቀንሷል፣ ቀጣዩን ቆርቆሮ የምትገዛው እሷ ናት። ፖስተሩን ዛሬውኑ ያንሱት።

ጋላክቶሴሚያን (የልጁ ሰውነት የወተትን ስኳር መጠቀም የማይችልበትን ሕመም) በመሰለ ብርቅ ሕመም ወይም እናት በሌለችበት ሁኔታ የዱቄት ወተት የግድ ሲሆን፣ ለሚያዘጋጀው ሰው ለብቻው ያስተምሩት። ዱቄቱ ከጀርም የጸዳ አይደለም፤ ስለዚህ የሚበጠበጥበት ውኃ ከ70 ዲግሪ በታች መሆን የለበትም። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ ወደ 70 ቶሎ ይወርዳል፤ ከፈላ በኋላ ከ30 ደቂቃ በላይ አይቆይ። ከተበጠበጠ በኋላ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አቁሞ ማብረድ፣ በእጅ አንጓ ላይ ጠብ አድርጎ መሞከር፣ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየውን መድፋት ነው።