የወንጀል መዝገብ እያለብኝ ነርስ መሆን እችላለሁ ወይ ላልከው ወንድሜ

ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። በ2017 ቨርጂኒያ ውስጥ ከቤት ተጋሪህ ጋር ተደባደብክ፣ ፖሊስ መጣ፣ በአሶልት (ሰው በመምታት) ጥፋተኛ ተብለህ መቀጮ ከፍለህ ወጣህ። አሁን ነርሲንግ መማር ፈልገሃል፣ ግን ተምሬ ስጨርስ ላይሰንስ (የሥራ ፈቃድ) ቢከለክሉኝስ ብለህ ፈራህ። እስካሁን የመለሱልህ ሰዎች ግማሾቹ "ተወው፣ ትራክ ንዳ" ብለውሃል። ግማሾቹ ደግሞ "ማን ያውቅብሃል፣ ዝም በል"። ሁለቱንም አትስማ።

እኔ አርኤን (ላይሰንስ ያላት ነርስ) ነኝ። መዝገብም አለብኝ። ስሜን የማልጽፈው ልጆቼ ማንበብ ስለጀመሩ ነው።

በ2010፣ አሜሪካ ከገባሁ ገና ሁለት ዓመቴ ነበር። ከአንድ ትልቅ ሱቅ የልጅ ልብስ ከሕፃኑ ጋሪ ስር አድርጌ ወጣሁ። 64 ዶላር። ረስቼው አይደለም፣ ሰርቄ ነው። ይቺን ሁለት ቃል ለመጻፍ ስንት ጊዜ እንደፈጀብኝ እነግርሃለሁ። በዚያን ጊዜ ቨርጂኒያ ውስጥ ከ200 ዶላር በታች ከሆነ ፔቲት ላርሰኒ (ትንሽ ስርቆት) ይባል ነበር፣ አሁን ጣሪያው 1,000 ዶላር ደርሷል። ስሙ ትንሽ ነገር ያስመስለዋል እንጂ ክላስ 1 ሚስደሚነር (ከቀላል ወንጀሎች ከባዱ መደብ) ነው፤ እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ያስቀጣል። ተራ አሶልትም እዚያው መደብ ውስጥ ነው። እኔ የታገደ እስራትና መቀጮ ተፈረደብኝ። "ጊልቲ" ያልኩት ቶሎ ወጥቼ ሥራ ልግባ ብዬ ነው፣ አስተርጓሚዋን በግማሽ ጆሮ እየሰማሁ።

እና የመጀመሪያው ነገር፦ ላይሰንስ የሚሰጠው የቨርጂኒያ የነርሲንግ ቦርድ ሳታመለክት "ትችላለህ" ወይም "አትችልም" አይልህም። ደውዬ አይቻለሁ። ማመልከቻህ ጠረጴዛቸው ላይ ካልደረሰ መዝገብህን አያዩም። ቴክሳስ ብትሆን ይሻልህ ነበር፣ እዚያ ትምህርት ሳትጀምር ዲክላራቶሪ ኦርደር የሚባል ነገር ጠይቀህ መልሱን አስቀድመህ ታውቃለህ። እዚህ ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚታየው፣ ያ ነው ሰውን የሚያስፈራው።

ግን አንድ ዘዴ አለ፣ እኔም ሳላውቀው ነው የሠራሁት። እዚህ ስቴት ሲኤንኤን (የነርስ ረዳትን) የሚመዘግበውም ያው ቦርድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሲኤንኤ ተማር። የጥቂት ሳምንት ትምህርት ነው፣ ወጪውም ከነርሲንግ ጋር አይወዳደርም። ስታመለክት ያው ጥያቄ ይመጣል፣ አንተም እውነቱን ትመልሳለህ፣ እነሱም መዝገብህን አይተው ይወስናሉ። ከፈቀዱልህ ነገ አርኤንም ያልፋል ማለት አይደለም፣ ዋስትና የለውም። ቢሆንም አራት ዓመት ተምረህ ከምትደነግጥ ዛሬ ብታውቀው አይሻልም? እኔ በ2014 ለሲኤንኤ ሳመለክት አራት ወር ጠበቅኩ። በ2019 ለአርኤን ሳመለክት ያንኑ ወረቀት እንደገና አያያዝኩ፣ አሻራ ሰጠሁ፣ ብዙም ሳይቆይ መጣልኝ።

አሻራ ስልህ፣ ለነርስ ላይሰንስ የምትሰጠው አሻራ ኤፍቢአይ ድረስ ይሄዳል። "ማን ያውቅብሃል" ያሉህ ሰዎች ይህን ያውቁ ይሆን? ፎርሙ "ተፈርዶብህ ያውቃል ወይ" ብሎ ይጠይቃል፣ "ባለፉት ሰባት ዓመታት" አይልም። የማውቃት አንዲት ልጅ ከኔ ያነሰ ነገር ነበረባት። አንድ ሰው "አሮጌ ነው፣ ኖ በይ" አላት፣ ኖ አለች። ኋላ የቦርዱ ቢሮ ያለበት ሄንራይኮ ድረስ ጠርተው ሲጠይቋት ስለ ጥፋቱ ያወሩት አምስት ደቂቃ ነው። የቀረውን ሰዓት ሁሉ የጠየቋት ለምን ኖ እንዳለች ነው። መልስ አልነበራትም፣ ምን ትበል?

አሁን ስላንተ ጉዳይ። ሰው ሁሉ የሚፈራው ቦርዱን ነው፣ እኔ ግን ላንተ ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ቀጣሪው ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ባሪየር ክራይም የሚባል ዝርዝር አለ። እዚያ ዝርዝር ውስጥ ያለ ጥፋት ካለብህ ላይሰንስ ኪስህ ውስጥ ሆኖም ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን እንክብካቤ ቤት) ወይም ሆም ኬር (ቤት ድረስ ሄዶ የሚያስታምም ድርጅት) ሊቀጥርህ አይችልም። እና አስቂኙ ነገር፣ የኔ ስርቆት እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም፣ ያንተ ጠብ ግን አለ። አሶልት ሚስደሚነርም ቢሆን ይገባል። ደግነቱ ሕጉ ቀዳዳ ትቷል፦ ጥፋቱ አንድ ሚስደሚነር ብቻ ከሆነ፣ በደል (አቢዩዝ) ወይም ቸልተኝነት (ኔግሌክት) ከሌለበት፣ ከፍርዱም አምስት ዓመት ካለፈ ሊቀጥሩህ ይችላሉ። ያንተ አምስት ዓመቱ አልፏል። "ይችላሉ" ነው እንጂ "ይገባቸዋል" እንዳልሆነ ግን ልብ በል፣ አንዳንዱ መሥሪያ ቤት ራስ ምታት አልፈልግም ብሎ ያልፍሃል።

ትምህርት ቤቱም አለ። ክሊኒካል (የተግባር ልምምድ) የምትወጣበት ሆስፒታል የራሱን ምርመራ ያደርጋል፣ አልቀበልም ካለ ትምህርቱን መጨረስ አትችልም። ክፍያ ከመክፈልህ በፊት ፕሮግራሙን በኢሜይል ጠይቅ። በቃል የነገሩህ ነገ ይካዳል። እኔን አንዷ አማካሪ "ችግር የለውም" ብላኝ፣ ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ "ማን ነው እንዲህ ያለሽ" ተብያለሁ።

ፌሎኒ (ከባድ ወንጀል) ያለባችሁ ደግሞ የኔን ታሪክ ለራሳችሁ አትውሰዱ። በፌሎኒ ብዙ ስቴት የሚያሠራው የኮምፓክት ላይሰንስ አይሰጥም። የአንዱን ስቴት ብቻ ማግኘት ግን ይቻላል። ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና መድን) ማጭበርበር ከሆነ፣ ለምሳሌ ያልሠሩትን የሆም ኬር ሰዓት ፈርሞ ማስከፈል፣ በፌዴራል ደረጃ ቢያንስ አምስት ዓመት ታግደህ ከነሱ ገንዘብ የሚቀበል ማንም አይቀጥርህም። ይህን የምጽፈው በኛ ሰው ዘንድ "ሁሉም ያደርገዋል" ሲባል ስለምሰማ ነው።

ወረቀቱን ዛሬ ጀምር። የተፈረደብህ ፍርድ ቤት ክለርክ ኦፊስ (መዝገብ ቤት) ሄደህ ማኅተም ያለበት ቅጂ ጠይቅ፣ መቀጮውን፣ ፕሮቤሽን (የክትትል ጊዜ) ከነበረብህም እሱን መጨረስህን የሚያሳየውንም ጨምር። ስምህን በሁሉም አጻጻፍ እንዲፈልጉልህ ጠይቅ። እኔ "እንዲህ የሚባል ሰው የለም" ተብዬ ደስ ብሎኝ ልወጣ ነበር። ለካ የአያቴን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው፣ የአባቴን መሀል ከተው፣ የኔኑ ስም በአንድ ፊደል አሳስተው ነው የመዘገቡት። አሻራው ግን ፊደል አይስትም። እነዚህ ትንንሽ ፍርድ ቤቶች የሚስደሚነር ፋይል ከ10 ዓመት በኋላ ሊያስወግዱ ይችላሉ። ፋይሉ ከሌለ "የለም" የሚል ደብዳቤ አስጽፍ፣ ዝም ብለህ አትመለስ።

ግሪን ካርድ ከሆንክ ከዚህ ሁሉ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋ ሂድ። የስቴት ሕግ "ጥፋተኛ" የሚለውና ኢሚግሬሽን "ጥፋተኛ" የሚለው አንድ አይደለም፣ በስቴት የተሰረዘ መዝገብ እንኳ እነሱ ዘንድ ሊቆጠር ይችላል። ቨርጂኒያ መዝገብ የሚታሸግበትን ሕግ በ2021 አውጥታለች። ላንተ ይሠራ እንደሆነ ጠበቃው ይንገርህ፣ እኔ ነርስ ነኝ።

የቀረው ለቦርዱ የምትጽፈው ደብዳቤ ነው። ምን እንደሆነ በራስህ አፍ ማስረዳት አለብህ። እኔ የመጀመሪያውን ሁለት ገጽ ጻፍኩ። እናቴ ታማ እንደነበር፣ ገንዘብ እልክ እንደነበር፣ ቋንቋ እንደማልችል፣ ሁሉም አለበት። አንድ ጠበቃ አነበበውና "መስረቅሽን የቱ ጋ ነው ያልሺው?" አለኝ። ፈለግኩ። የለም። "አንድ ችግር ተፈጠረ" ነው የሚለው። በአማርኛ አስቤ በእንግሊዝኛ ስለጻፍኩት ነው መሰለኝ፣ እኛ "ተፈጠረ"፣ "ገጠመኝ"፣ "ደረሰብኝ" ማለት እንወዳለን፣ ነገሩ ራሱ እግር አውጥቶ የመጣ ይመስል። አራት ጊዜ ቀየርኩት። አራተኛው ግማሽ ገጽ ነበር፣ "ሰርቄያለሁ" ብሎ ይጀምራል። እናቴ አንድ መስመር ላይ ቀረች።

የምስክር ደብዳቤ የሚጽፍልህ ሰውም ያደረግከውን ማወቅ አለበት። "ጥሩ ክርስቲያን ነው" የሚል ከቤተ ክርስቲያን አምጥተህ፣ ቄሱ ስለ ክሱ ካልሰሙ ዋጋ የለውም። እኔ ለሱፐርቫይዘሬ መንገር ነበረብኝ። ፓርኪንግ ሎት መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አንድ ሰዓት አለቀስኩ፣ ከዚያ ገብቼ ነገርኳት። "እሺ፣ እስከ መቼ ነው የምትፈልጊው?" አለችኝ። በቃ፣ ይኸው ነበር።

ደብዳቤህን ስትጽፍ በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ አነብልሃለሁ። "ጠብ ተፈጠረ" የሚል ካገኘሁበት ግን እመልስልሃለሁ።