የረከሰ የባንክ አክሲዮን እንደ ረከሰ ጀንፈል አይደለም

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ አንድ ወንድማችን እዚህ ጠይቋል። ከቡና ሽያጭ የተረፈ 400 ሺህ ብር በእጁ አለ። «ባንኮች ቀውስ ሲገጥማቸው አክሲዮናቸው ይረክሳል፤ ያኔ ገዝቶ ሲወደድ መሸጥ አያዋጣም ወይ? ዕቁቤም በሚቀጥለው ወር ይደርሰኛል፤ ልጨምርበት? የባንኩን ሪፖርት አይቼ እገባለሁ» ይላል። ብዙዎቻችሁ «ግባበት» ብላችሁታል። እኔ ይህን ነገር በገዛ ገንዘቤ ስላየሁት ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

እ.ኤ.አ. በ2008 ለንደን ነበርኩ። ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ሌሊት ሌሊት እየሠራሁ 9 ሺህ ፓውንድ አጠራቅሜያለሁ። ገንዘቡ እዚሁ ጅማ ለእናቴ ቤት መሥሪያ የታሰበ ነበር። በዚያ ሰሞን የአንድ ትልቅ ባንክ አክሲዮን ዋጋ በግማሽ ወረደ። ስሙን መጥራት አያስፈልግም። በየሰፈሩ ቅርንጫፍ ያለው ባንክ ነው። «ይሄ ደግሞ እንዴት ይወድቃል?» አልኩና በኢንተርኔት ሂሳብ ከፍቼ በ4 ሺህ ፓውንድ ገዛሁ።

ወረደ። ጨመርኩ። በርካሽ ስጨምር የገዛሁበት አማካይ ዋጋ ይወርዳል ብዬ ነው። እንደገና ወረደ፣ እንደገና ጨመርኩ። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ዋጋው ከ20 በመቶ በላይ ወጣ። ከሁሉም የጎዳኝ ያ ቀን ነው። ነገሩ የገባኝ መሰለኝ። አልሸጥኩም። እንዲያውም በክሬዲት ካርድ 3 ሺህ ፓውንድ ተበድሬ ጨመርኩበት። በየእረፍቱ ዋጋ ማየት፣ በየእረፍቱ መደንገጥ ሆነ ሥራዬ።

በመጨረሻ መንግሥት ባንኮቹን ሊታደግ ነው ሲባል እፎይ አልኩ። ለካ መንግሥት ገንዘቡን ያስገባው አዲስ አክሲዮን እየወሰደ ነው። ባንኩ ሥራውን ቀጠለ። የእኔ ድርሻ ግን ውኃ እንደ በዛበት ወጥ ቀጠነ። በ12 ሺህ ፓውንድ የገዛሁትን ስሸጠው 900 አልሞላም። የክሬዲት ካርዱን ዕዳ ለመክፈል ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ለባለቤቴ ሳልነግራት አራት ወር ቆየሁ። የእናቴ ቤት የተሠራው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ወንድሜ፣ ስህተቴ የት ጋ እንደነበር የገባኝ ጅማ ተመልሼ ቡና ውስጥ ስገባ ነው። እኛ ያደግነው በቡና ነው። ጀንፈል፣ ማለትም ከነልባሱ የደረቀ ቡና፣ ሲረክስ የቻለ ሰው አይሸጥም። መጋዘን ያስገባና ይጠብቃል። ዋጋው ቢወርድም ፍሬው ጆንያው ውስጥ አለ። እጅህን ከተህ ታየዋለህ፣ ነክሰህ ድርቀቱን ታውቃለህ። ስለዚህ «ሲረክስ ግዛ» የሚለው ምክር ለጆሯችን ደስ ይላል።

ባንክ ውስጥ ያለው ነገር ሌላ ነው። ለምሳሌ አንድ ባንክ 100 ብር አበድሯል እንበል። ከዚያ ውስጥ 90ው የአስቀማጭ ገንዘብ ነው። የባለአክሲዮኖቹ 10 ብር ብቻ ነው። ካበደረው 100 ብር 10ሩ ካልተመለሰ የባለአክሲዮኑ ድርሻ በሙሉ አለቀ። ከመቶ አሥር እጅ ብድር መበላሸት በክፉ ጊዜ የማይታሰብ ነገር አይደለም። ዋጋው በግማሽ ሲወርድ ርካሽ የመሰለህ አክሲዮን፣ ጆንያው ሳይታይ ተራግፎ ሊሆን ይችላል። ጠብቀህ የምትሸጠው ፍሬ የለም።

የእንግሊዙን ኖርዘርን ሮክ ባንክ ተመልከት። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2007 አስቀማጮች ገንዘባችንን ብለው በየቅርንጫፉ ተሰለፉ። በየካቲት 2008 መንግሥት ወረሰው። አስቀማጩ አንድ ሳንቲም አልጎደለበትም። ባለአክሲዮኑ ግን ካሳ ይገባዋል ወይ ተብሎ ገለልተኛ ገማች ተሾመና ግምቱ ዜሮ ሆነ። ከነዚያ ባለአክሲዮኖች ብዙዎቹ እንደኛ ተራ ሰዎች ነበሩ። እኛም ጋ ቢሆን የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ የሚሸፍነው የአስቀማጭን ገንዘብ ነው፤ እስከ 100 ሺህ ብር። አክሲዮንን አይነካም። ባንክ ሲወድቅ ባለአክሲዮን የሰልፉ መጨረሻ ላይ ነው የሚቆመው።

«ሪፖርቱን አይቼ እገባለሁ» ያልከው ጥሩ ነው፤ አንብበው። ግን ሪፖርት ያለፈውን ነው የሚነግርህ። የአሜሪካው ባንክ ሌማን ብራዘርስ እ.ኤ.አ. በ2008 የመጀመሪያው ሩብ ዓመት 489 ሚሊዮን ዶላር አተረፍኩ ብሎ ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም 15 ኪሳራ አወጀ። ብድሩ መበላሸቱን ከሁሉም ቀድሞ የሚያውቀው ውስጥ ያለው ሰው ነው። አንተና እኔ የምንሰማው ዋጋው ከወረደ በኋላ ነው።

ከታች አስተያየት ላይ አንዱ «ሲቲግሩፕን የገዙ ሀብታም ሆነዋል» ብሏል። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2009 የዚህ የአሜሪካ ባንክ አክሲዮን ከአንድ ዶላር በታች ወርዶ ነበር፤ ያኔ የገዛ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ብዙ እጥፍ አትርፏል። ግን በዚያው ቀውስ ሌላውን የአሜሪካ ባንክ ዋሽንግተን ሙቹዋልን በርካሽ የገዛ ሰውም አለ፤ መስከረም 2008 ባንኩ ሲወረስ ባዶ እጁን የቀረ ያህል ሆነ። ሁለቱም ሲገዙ የነበራቸው እውቀት አንድ ነው። ልዩነቱ ያተረፈው በየቡና ቤቱ ያወራል፣ የከሰረው ዝም ይላል። እኔ ራሴ ይሄን ስናገር ገና ሁለተኛዬ ነው።

ስለ አገራችን ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ከጥር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ፣ ማለትም አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት ገበያ፣ አለን፤ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። በጣም ደስ ያለኝ ነገር ነው፣ ልጆቻችን ይጠቀሙበታል። ግን ገበያው ልጅ ነው። ለንደን ላይ እኔ ከስሬም ቢሆን በደቂቃ ሸጬ ወጥቻለሁ። እዚህ በክፉ ቀን ገዢ ልታጣ ትችላለህ። በገበያው ያልተመዘገበ ባንክ ከሆነ ደግሞ ገዢ አፈላልገህ፣ ዝውውሩን ባንኩ ዘንድ ሄደህ አስፈጽመህ ነው። እስከዚያ ዋጋው አይጠብቅህም። ሌላው፣ ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር ካደረገው ወዲህ ባንኮች አዲስ አክሲዮን ሲሸጡ ቆይተዋል። አዲስ ሲወጣ አንተ ድርሻህን አብረህ ካላሳደግህ ድርሻህ ይቀጥናል። በእኔ የደረሰው ያ ነው።

አክሲዮን አትግዛ አላልኩም። እኔም ዛሬ የሁለት ባንኮች አክሲዮን አለኝ። ግን በደህና ጊዜ የገዛሁት ነው፣ ትርፍ ድርሻውን በየዓመቱ ልቀበልበት፤ ነገ ዜሮ ቢሆን ቤቴ አይናጋም። ባንክ ሲንገዳገድ ገብቶ በወር ውስጥ መውጣት ግን ሌላ ሥራ ነው፤ ሙሉ ቀን እሱን ብቻ የሚሠሩ ሰዎችም ከስረውበታል። ከ400 ሺው ለሚቀጥለው አዝመራ መሥሪያ የሚሆንህን መጀመሪያ ለይ። ዋጋው ሲወርድ አማካይ ለማውረድ ብለህ አትጨምር። ዕቁቡን ደግሞ እባክህ አትንካው። ከደረሰህ በኋላ እስኪያልቅ በየሳምንቱ የምትጥለው ዕዳ ነው፤ አክሲዮኑ ወረደ ብለህ የምታስቀረው አይደለም።

ሐሙስ ሐሙስ ሂርማታ ገበያ አልጠፋም። ያሰብከውን ባንክ የኦዲት ሪፖርት አሳትመህ ይዘህልኝ ና። የተበላሸ ብድሩ ስንት እንደሆነ፣ ካፒታሉ ስንት እንደሆነ የተጻፈበትን ገጽ አሳይሃለሁ፤ ቡና እየጠጣን አብረን እናነበዋለን።