ምክሩን ለሚሰጥሽ ሰው የሚከፍለው ማን ነው?

ጥያቄሽን አሳጥሬ ላስቀምጠው፤ ሌሎችም ያነቡታል። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነሽ። ከምረቃ በኋላ የምትጀምሪው ሥራ አግኝተሻል፤ እንኳን ደስ አለሽ! የመጀመሪያ ደመወዝሽ ከመግባቱ በፊት ስለ ገንዘብ አያያዝ ልማር ብለሽ ኢንተርኔት ውስጥ ገባሽ፣ ከዚያ ግራ ተጋብተሽ ወጣሽ። አንዱ «መጀመሪያ ዕዳሽን ክፈዪ» ይላል። ሌላው «ገንዘብ ባንክ ማስቀመጥ ሞኝነት ነው» ይላል። ሦስተኛው በቴሌግራም ቻናሉ የሚሸጠው ኮርስ አለው፤ ዋጋውም ነገ ይጨምራል ተብሏል። «ማንን ልመን?» ነው ያልሽኝ።

የሙያ አማካሪ የገንዘብ ጥያቄ ለምን ይመልሳል የሚል ይኖራል። እኔ ግን ሁለቱን ለይቼ ማየት ከተውኩ ቆይቻለሁ። ዕዳ ያስጨነቀው ሰው የማይረባ ውል ይፈርማል፣ ደመወዝ ለመደራደር አፉን አይከፍትም፣ አለቃው ቢያንቋሽሸውም ችሎ ይኖራል። የሁለትና የሦስት ወር ወጪውን ያስቀመጠ ሰው ግን የማይሆን ነገር ሲገጥመው «አመሰግናለሁ፣ ይቅርብኝ» ብሎ መውጣት ይችላል። ስለዚህ ጥያቄሽ የሙያ ጥያቄ ነው፤ ሥራ ሳትጀምሪ ማንሳትሽም ደስ ብሎኛል።

ወደ መልሱ። ምክር የሚሰጥሽ ሰው ገንዘቡን ከየት እንደሚያገኝ እስካላወቅሽ ድረስ ማንንም አትመኚ። ተከታዩ ብዙ መሆኑ፣ ቪዲዮው ማማሩ፣ አንደበቱ መጣፈጡ ስለ ምክሩ እውነትነት ምንም አይነግርሽም። በነፃ የምታነቢው ነገር ሁሉ የሆነ ቦታ የሚከፍልለት አለ። ማስታወቂያ አስነጋሪ ሊሆን ይችላል፣ ኮሚሽን የሚሰጥ ድርጅት ሊሆን ይችላል፣ ኮርስ የሚገዛ ተከታይ ሊሆን ይችላል፣ የሕዝብ በጀት ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ይህን ፈልጊ።

ኮሚሽኑ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። «ይህን አፕ በእኔ ሊንክ አውርዱት» የሚል ሰው አንቺ ስትመዘገቢ ድርሻው ይገባለታል። ይህ በራሱ ወንጀል አይደለም። ብድርና የባንክ ካርድ እያወዳደሩ የሚያቀርቡ ትልልቅ ድረ ገጾችም በዚሁ ነው የሚተዳደሩት። ለምሳሌ ነርድዋሌት የሚባለው የአሜሪካ ድረ ገጽ ከአጋር ድርጅቶች ክፍያ እንደሚቀበል ራሱ በግልጽ ይጽፋል። ብዙዎቹ ጽሑፎቹም ጥሩ ናቸው። ግን «የዓመቱ ምርጥ 5» የሚል ዝርዝር ስታዪ፣ እዚህ ውስጥ ያልገባው ማን ነው ብለሽ ጠይቂ። ደግሞ ይህን አስቢ፦ «ምንም አትግዢ፣ ያለብሽን ዕዳ ዝም ብለሽ ክፈዪ» የሚለው ምክር ለማንም ኮሚሽን አያስገኝም። ጥሩ ምክር ሆኖ ሳለ እንደሌላው ጎልቶ የማይሰማው ለዚህ ነው።

የሚያስፈራው ክፍያው ሲደበቅ ነው። አሜሪካዊቷ የቴሌቪዥን ዝነኛ ኪም ካርዳሺያን ኢቴሪየምማክስ የሚባል የክሪፕቶ ገንዘብ (በኢንተርኔት ብቻ የሚገበያዩበት ዲጂታል ገንዘብ) በኢንስታግራም ገጿ አስተዋወቀች። ለዚያ ልጥፍ 250,000 ዶላር እንደተከፈላት ግን ለተከታዮቿ አልነገረችም። የአሜሪካው የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ፣ የሴኩሪቲስና ኤክስቼንጅ ኮሚሽን፣ ከሰሳት፣ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 በአጠቃላይ 1.26 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች። እሷን የያዛት ተቆጣጣሪ ስለነበረ ነው። አንቺ የምትከታተዪውን ትንሽ ቻናል የሚያይልሽ ግን ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ማየቱ የአንቺ ሥራ ነው።

ታዲያ ምንም የማይሸጥልሽ ማን ነው? ከሁሉ ቀድመሽ የገንዘብ ገበያ ተቆጣጣሪዎችን ተመልከቺ። የምትኖሪበት አገር ማዕከላዊ ባንክ፣ የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪ፣ የሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ አላቸው። ብዙ ጊዜ አሰልቺ ነው፣ ፎቶውም አያምርም፤ ቢሆንም ፈቃድ ያላቸው ተቋማት ዝርዝር፣ የማስጠንቀቂያ መግለጫና የደንበኛ መብት የሚገኘው እዚያ ነው። ከዚያ እንግሊዝኛ የምታነቢ ከሆነ ለሕዝብ ትምህርት ብለው የተሠሩ ጥሩ ገጾች አሉ። የአውስትራሊያ የገበያ ተቆጣጣሪ የሚያስተዳድረው መኒስማርት፣ የብሪታኒያው መኒሄልፐር፣ የአሜሪካው ኢንቨስተር ዶት ጎቭ ነፃ ናቸው፤ ሒሳብ ማስያም አላቸው። ካን አካዳሚም ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው፤ ስለ ግል ገንዘብ አያያዝ ከዜሮ የሚጀምር ነፃ ኮርስ አለው። የማታውቂው ቃል ሲገጥምሽ ደግሞ የገንዘብ ነክ ቃላትን በሚያብራራው ኢንቨስቶፒዲያ ድረ ገጽ ላይ ፈልጊው። በማስታወቂያ የሚተዳደር ስለሆነ ትርጉሙን ወስደሽ ማስታወቂያውን ተዪው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። ከሌላ አገር ገጽ የምትወስጂው መርሁን እንጂ ሕጉን አይደለም። ወለድ እንዴት እንደሚሠራ፣ የዋጋ ንረት ቁጠባን እንዴት እንደሚበላ፣ አጭበርባሪ እንዴት እንደሚያወራ የትም ቦታ አንድ ነው። ግብር፣ ጡረታ፣ ባንክ ቢከስር ለተቀማጭ ገንዘብሽ የሚሰጠው ዋስትና ግን በየአገሩ ይለያያል። «ገንዘብሽን እዚህ ሒሳብ ውስጥ ብታስገቢ ከግብር ነፃ ነው» የሚል ቪዲዮ ካየሽ፣ የየትኛው አገር ሕግ ነው፣ የየትኛው ዓመት ነው ብለሽ ጠይቂ። ቀን ያልተጻፈበት የግብር ምክር ሳታነቢው ዝጊው።

መርሁ ራሱ ለማን እንደተጻፈም እዪ። ከተጣራ ገቢ 50 በመቶ ለግዴታ ወጪ፣ 30 በመቶ ለፍላጎት፣ 20 በመቶ ለቁጠባና ለዕዳ የሚለውን በየገጹ ታገኚዋለሽ። መነሻ እንዲሆንሽ ጥሩ ነው። ግን ገና ሥራ የጀመረ ሰው የቤት ኪራዩ ብቻ ግማሹን ሊወስድበት ይችላል። ቁጥሩ ስላልሞላልሽ «እኔ ገንዘብ አልችልበትም» ብለሽ ተስፋ እንዳትቆርጪ። 5 በመቶ መቆጠብ ከቻልሽ በ5 ጀምሪ፣ ደመወዝሽ ሲጨምር ቁጠባሽንም አብረሽ ጨምሪ።

አሁን አንድ ገጽ ጥሩ መሆኑን የምትለዪበትን ፈተና ልስጥሽ። ስለ ብድር የሚያስተምር ጽሑፍ ክፈቺና ጠፍጣፋ ወለድን፣ ማለትም ሁልጊዜ በመነሻው ብድር ላይ የሚታሰበውን ወለድ፣ እንዴት እንደሚያስረዳ ተመልከቺ። 12,000 ተበደርሽ እንበል፣ በዓመት 10 በመቶ ጠፍጣፋ ወለድ፣ በ12 ወር የሚመለስ። ወለዱ 1,200 ነው፤ በየወሩ 1,100 ትከፍያለሽ። ሲሰሙት 10 በመቶ ነው፣ ቀላል ነው። ግን ስድስተኛው ወር ላይ ግማሹን ዕዳ መልሰሻል፤ ወለዱ ግን እስከ መጨረሻው የሚታሰበው በሙሉው 12,000 ላይ ነው። በእጅሽ በቀረው ገንዘብ ልክ ሲሰላ ትክክለኛው ዓመታዊ ወለድ 18 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ይህን ልዩነት ቁጭ ብሎ የሚያስረዳሽ ገጽ ያንቺን ጥቅም አስቦ የተጻፈ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። «በ10 በመቶ ብቻ፣ በ5 ደቂቃ» ብሎ ማመልከቻ ቅጽ የሚከፍትልሽ ግን ደንበኛ እየፈለገ ነው። ውል ከመፈረምሽ በፊት አበዳሪውን በቀጥታ ጠይቂው፦ «ወለዱ የሚሰላው በቀሪው ዕዳ ላይ ነው ወይስ በመነሻው?» ደግሞም «ሁሉም ክፍያ ተደምሮ በጠቅላላ ስንት እመልሳለሁ?» በይው።

ሁለተኛው ፈተና ለትርፍ ተስፋ ነው። ለዚህ የስልክሽ ካልኩሌተር ይበቃል። አንድ ሰው በቀን 1 በመቶ አተርፍልሻለሁ ካለሽ፣ የየቀኑ ትርፍ ዋናው ገንዘብ ላይ እየተደመረ እንዲሄድ አድርገሽ አስዪው። 1,000 ያስገባ ሰው በዓመቱ መጨረሻ ከ37,000 በላይ ይኖረዋል ማለት ነው። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ከ1.4 ሚሊዮን ያልፋል። ይህን የሚችል ሰው ያንቺን 1,000 ለምን ይፈልጋል? ቢትኮኔክት የሚባለው የክሪፕቶ ድርጅት ወደዚህ የሚጠጋ ተስፋ ሲሰጥ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 የማበደሪያ አገልግሎቱን ዘጋ፤ የራሱ የክሪፕቶ ገንዘብ ዋጋም ከ90 በመቶ በላይ ወደቀ። ዘዴው አዲስ አይደለም። ቻርልስ ፖንዚ የተባለ አጭበርባሪ እ.ኤ.አ. በ1920 ቦስተን ላይ በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ እሰጣለሁ ሲል ለቀደሙት የሚከፍለው ከኋላ በገቡት ገንዘብ ነበር። «እኔ እኮ ደርሶኛል» የሚል ጓደኛ ሲመጣብሽ ይህን አስታውሺ። ጓደኛሽ ላይዋሽ ይችላል፤ መጀመሪያ የገቡት በእርግጥም ይከፈላቸዋል። የሚያስከፋውም ይሄ ነው፤ ሰው የሚጠመደው በሚወደው ሰው በኩል ነው።

ስለ ድረ ገጽ ምርመራ ባጭሩ። አድራሻው አጠገብ ያለው የቁልፍ ምልክት ግንኙነቱ የተመሰጠረ መሆኑን ብቻ ነው የሚናገረው፤ አጭበርባሪም ያንኑ ቁልፍ ያገኛል። መጨረሻው «ዶት ኦርግ» መሆኑም ዋስትና አይደለም፤ ማንም ሊያስመዘግበው ይችላል። የታወቀ ድርጅትን ስም፣ አርማና የፈቃድ ቁጥር ሳይቀር ገልብጠው የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ድርጅቱን በተቆጣጣሪው መዝገብ ላይ ፈልጊ፣ ስልክ ቁጥሩንም ከዚያው ውሰጂ። እነሱ በላኩልሽ ሊንክ ገብተሽ እነሱን ማረጋገጥ አይቻልም። አንድ ገጽ «ከብዙ ዓመት ጀምሮ እየሠራን ነው» ካለ፣ የኢንተርኔት አርካይቭ የሚያስተዳድረው ዌይባክ ማሽን ላይ አድራሻውን አስገብተሽ ድሮ ምን እንደነበረ እዪ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ሰዎች የሚወያዩባቸው ግሩፖች መጥፎ አይደሉም። የሌላ ሰው ልምድ ለመስማት፣ ብቻሽን እንዳልሆንሽ ለማወቅ ይረዳሉ። ውሳኔ ግን ከዚያ አይወሰድም። በውስጥ መስመር «እኔ ልርዳሽ» ብሎ ለሚመጣ ሰው መልስ አትስጪ፣ በተለይ ገንዘብ እንደጠፋብሽ ከጻፍሽ በኋላ። የጠፋውን አስመልሳለሁ እያሉ እንደገና የሚዘርፉ አሉና። ሰው ሠራሽ አስተውሎትንም ብትጠይቂ ቃል ለማስረዳትና ሒሳብ ለማለማመድ ጥሩ ነው፤ ግን የተሳሳተውንም በሙሉ ልብ ነው የሚነግርሽ። ምንጩን ጠይቂው፣ ከዚያ ምንጩን ራስሽ ክፈቺ።

ወደ ኮርሱ ልመለስ፤ ዋናው ጭንቀትሽ እሱ ይመስለኛል። አትክፈዪ። የሚሸጠው ሰው አጭበርባሪ ነው እያልኩሽ አይደለም፤ አላውቀውም። ግን የላክሽልኝን ርዕሶች አየኋቸው፦ በጀት፣ ቁጠባ፣ ወለድ፣ «የኢንቨስትመንት ሚስጥሮች»። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ከላይ የጠቀስኳቸው ገጾች በነፃ ያስተምሩሻል። አራተኛው ላይ ደግሞ ሚስጥር የሚል ቃል ካለ ይበቃኛል። «ዋጋው ነገ ይጨምራል» የሚለው እንዳታስቢበት ነው። በእርግጥ የሚጠቅምሽ ትምህርት ቢሆን በሚቀጥለው ወርም ይጠቅምሽ ነበር። ይህን ለሥራም አስታውሺው፤ ቀጣሪ ነኝ ብሎ ከመቀጠርሽ በፊት የሥልጠና ወይም የመመዝገቢያ ገንዘብ የሚጠይቅሽ ሰው ሲመጣም መልሱ ይኸው ነው።

እስከ ሥራ መጀመሪያሽ ቀን ድረስ ሁለት ምንጭ ብቻ ያዢ። አንዱ የአገርሽ ተቆጣጣሪ ይሁን፣ አንዱ ከነፃ ኮርሶቹ የወደድሽው። የቀረውን ቻናል ሁሉ ድምፁን አጥፊው። የአንድ ወር ወጪሽን ስልክሽ ላይ መዝግቢ፤ ተራ ማስታወሻ ይበቃል። የበጀት አፕ ካስፈለገሽ ግን የባንክ የይለፍ ቃልሽን ለሚጠይቅ አፕ አትስጪ። ከዚያ የቅጥር ደብዳቤሽን አውጪና ግብርና ጡረታ ተቀንሶ እጅሽ ላይ የሚደርሰው ስንት እንደሆነ የሰው ኃይል ክፍሉን ጠይቂ። በጀትሽን የምትሠሪው በዚያ ቁጥር ነው እንጂ ደብዳቤው ላይ በተጻፈው አይደለም። መጠየቅ ካሳፈረሽ እንዲህ ብለሽ ጻፊላቸው፦ «ወጪዬን ለማቀድ እንዲረዳኝ የተጣራ ወርኃዊ ክፍያዬን ብትገልጹልኝ።» ማንም ቅር አይለውም። ቁጥሩ ሲመጣልሽ ላኪልኝና የመጀመሪያውን ወር አብረን እናስላዋለን።