ካሜራ ፊት አባቴ ዝም ይላል

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ዛሬ ግን ትዕግስቴ አልቋል። ነገሩ የታናሽ ወንድሜ ነው።

እኛ መድረክ ላይ ያደግን ቤተሰብ ነን፤ አባቴ፣ እናቴ፣ እኔና ሁለት ወንድሞቼ። ዘፋኙ ወርዶ ተወዛዋዦቹ እስኪወጡ መሀል ላይ ገብተን ጭውውት እናሳያለን። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን። ጭውውቱን አባቴ ይፈጥራል፣ ታናሽ ወንድሜ ያስቃል፣ እኔ ቁም ነገረኛዋ ነኝ። የምጠይቀው፣ የምቆጣው፣ የምደነግጠው እኔ ነኝ፤ ቀልዱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አምና ወንድሜ የፊልም ሥራ ይዞ መጣ። ሁላችንም ደስ አለን። ከዚያ ወዲህ ግን ከእሱ ቃል በላይ ቃል ጠፋ። ስክሪፕቱን ከዳይሬክተሩ ጋር ተቀምጦ ሲቆርጥና ሲቀጥል ማንንም አላማከረም። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ያሳመረው የልብስ ሰፊው ጭውውት ከአሥራ አራት ደቂቃ ወደ ሦስት ወረደ። የፖስተሩን ናሙና ሲያመጣልን ደግሞ የእሱ ፊት ወረቀቱን ሞልቶት፣ እኛ ከታች እንደ ቴምብር ተደርድረናል። ስናገረው “መድረክና ፊልም አንድ አይደለም” ይለኛል። ይህን ቃል በቀን አሥር ጊዜ እሰማዋለሁ። እናቴ “ተዪው፣ ልጅ ነው” ትላለች። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው!

ያ ፖስተር እንቅልፍ ነሥቶኛል። አባቴ የፈጠረውን ቀልድ ይዞ፣ አባቴን እግሩ ሥር አስቀመጠው።

ቀረጻው ከተጀመረ ሁለት ሳምንት ሆነው። ለአባቴ አልሆነለትም። አንዱን ቀልድ ተናግሮ ይቆማል። ቀጣዩ ጠፍቶበት አይደለም፤ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ዳይሬክተሩ “ይቀጥሉ” ይላል፣ እሱ አይቀጥልም። አንዱን ትዕይንት አሥራ ሰባት ጊዜ ደጋገሙት። በመጨረሻ ወንድሜ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ “አባባ፣ ይህ መድረክ አይደለም!” ብሎ ጮኸበት። አባቴ ምንም አልመለሰ፤ ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ። ወንድሜን በጥፊ ብለው ደስ ይለኝ ነበር።

መድረክ ላይ አንድም ቀን እንዲህ ሆኖ አያውቅም። እርግጥ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ጆሮው ደከም ስላለ፣ ሳቁ ሲበርድ እኔ በክርኔ ነካ አደርገዋለሁ። ያ ግን የእኔና የእሱ ነገር ነው፤ እናቴ እንኳ አታውቅም፣ ከዚህ ጋርም አይገናኝም። ፊልሙ ላይ በዚያ ትዕይንት እኔ የለሁበትም። ወንድሜ እኔን አውጥቶ ከአባቴ ጋር ብቻውን ገባበት። ይህም አንዱ በደሉ ነው።

አሁን አዲስ ውል መጥቷል። በአባቴ ቦታ ሌላ ተዋናይ ይገባል፣ የእኔ ድርሻም ይሰፋል። ወንድሞቼ ፈርመዋል፤ ለእኔ እስከ ሰኞ ጊዜ ተሰጥቶኛል። እናቴ “ፈርሚ፣ አባትሽም ይረፍ” ትላለች። እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔም ፊልሙን እፈልገዋለሁ። ብፈርም አባቴን ከዳሁት ማለት ነው?

ቁም ነገረኛዋ

*

እኅቴ፣

ፖስተሩን ለጊዜው ተዪው። “ከዚህ ጋር አይገናኝም” ብለሽ ወዳለፍሽው እንመለስ።

አባትሽ ካሜራ ፊት ቆሞ የሚጠብቀው ክርንሽን ነው። ዓመታት ሙሉ፣ ምሽት በመጣ ቁጥር፣ ቀጣዩ ቃል የሚወጣው አንቺ ስትነኪው መሆኑን ሰውነቱ ተምሯል። አሁን አንቺ አጠገቡ የለሽም፤ ስለዚህ ይቆማል። ዳይሬክተሩ “ይቀጥሉ” ሲለውም መስማቱን ማን አረጋገጠ? በዚያ ትዕይንት ላይ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ፣ አባትሽ የሚጠብቀውን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ። ከመጀመሪያው እስከ አሥራ ሰባተኛው ዝም አልሽ።

ይህን ስልሽ ከፍቶኝ ነው፤ ግን መባል አለበት። ወንድምሽ በሰው ፊት አባቱ ላይ መጮኹ ነውር ነው፣ ይቅርታም ይጠይቅ። ነገር ግን የጮኸው መስማት የተሳነው አባቱ ላይ መሆኑን አያውቅም ነበር። እንዳያውቅ ያደረጋችሁት እናንተ ሁለታችሁ ናችሁ። ከትዕይንቱ ሲያወጣሽም የአባትሽን ጆሮ እያወጣ እንደሆነ ማን ነገረው? እሱን በጥፊ ለማለት የተመኘሽበትን ጉልበት አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመናገር ብታውይው፣ አባትሽ ኮፍያውን አንሥቶ ባልወጣ ነበር።

“መድረክና ፊልም አንድ አይደለም” የሚለው ቃል ግን እውነት አለው፤ ወንድምሽ ግማሹን ብቻ ነው የያዘው። የመድረክ ኮሜዲያን ሰዓቱ ተመልካቹ ነው። ሳቁ ሲነሣ ይቆማል፣ ሊበርድ ሲል ይገባል። ቀረጻ ላይ ደግሞ ማይክሮፎኑ እንዳይዘው ሠራተኛው ሳቁን ይውጣል። ደህና የሚሰማ ሰው እንኳ እዚያ ጸጥታ ውስጥ ይጠፋል።

የኮሜዲያኖቹን የማርክስ ወንድማማቾችን ታሪክ አንብቢ። አሜሪካ ውስጥ ቮድቪል በሚባለው የቅይጥ ትርኢት መድረክ ላይ እናታቸው እየመራቻቸው ያደጉ ናቸው። የመጀመሪያው ድምፅ ያለው ፊልማቸው በፈረንጆቹ 1929 ሲቀረጽ፣ ቀን ቀን ስቱዲዮ እየዋሉ ማታ ማታ ደግሞ ትያትር ቤት ይሠሩ ነበር፤ ሳቁ ማታ ነበር የሚጠብቃቸው። በ1935 በወጣው ፊልማቸው ፕሮዲውሰሩ ኢርቪንግ ታልበርግ የተለየ ነገር አደረገ። ካሜራው ከመነሣቱ በፊት ትዕይንቶቹን ይዘው ከከተማ ከተማ እንዲዞሩና በሕዝብ ፊት እንዲሞክሯቸው ላካቸው። የትኛው ቀልድ እንደሚያስቅ፣ ሳቁ ምን ያህል እንደሚቆይ በሰዓት ተለካ፤ ቀረጻ ላይ ለሳቁ የሚሆን ቦታ ለመተው። የአባትሽን ሳቆች ሁሉ ርዝመታቸውን በክርንሽ ስትለኪ የኖርሽው አንቺ ነሽ! በዚያ ስቱዲዮ ውስጥ ከአንቺ የበለጠ ይህን ሥራ የሚያውቅ የለም፤ አንቺ ግን ስለ ፖስተር ጻፍሽልኝ።

ስምሽን “ቁም ነገረኛዋ” ብለሽ መፈረምሽም አሳዘነኝ፤ ትንሽ ነገር እንደሆነ አድርገሽ ነውና የጻፍሽው። ከማርክስ ወንድማማቾች ትንሹ ዜፖም ድርሻው የአንቺው ዓይነት ነበር። በ1930 ታላቅ ወንድሙ ግራውቾ ትርፍ አንጀት ታሞ ሲተኛ ግን የእሱን ቦታ ይዞ ሕዝቡን አሳቀ። አጠገብ ቆሞ ጊዜውን የሚጠብቀው ሰው የሌላውን ቀልድ እስከ እስትንፋሱ ያውቀዋል።

ሰኞ አትፈርሚ። መፈረም ክህደት ስለሆነ አይደለም፤ ውሉ የተጻፈው “ሽማግሌው አይችልም” በሚል ሐሰት ላይ ስለሆነ ነው። ዳይሬክተሩን የግማሽ ቀን የሙከራ ቀረጻ ጠይቂው። ወደ ትዕይንቱ ይመልሱሽ፤ ልብስ ሰፊ ቤት ውስጥ አንዲት ደንበኛ ብትቆም ማንን ይጎዳል? ካልሆነም ከካሜራው ጎን ቁሚና እጅሽን አንሺለት፣ ወይም ፍሬም ውስጥ በማይገባ ክር እጁን ሳብ አድርጊለት። በዚያ ላይ የወንድምሽን ፊት ለብቻው ከቀረጹ፣ የአባትሽን ዝምታ ኤዲተሩ በመቀስ ሊያሳጥረው ይችላል። ይህ በየፊልሙ የሚሠራ ተራ ሥራ ነው፤ ሰው የሚባረርበት አይደለም። አሥራ ሰባት ጊዜ ሲደግም “ለምን ይሆን የሚቆሙት?” ብሎ ያልጠየቀ ዳይሬክተርም ይህን ግማሽ ቀን ዕዳ አለበት።

ሙከራው ባይሳካስ? ያኔም የአባትሽ ነገር አብቅቷል ማለት አይደለም። የድምፅ አልባ ፊልም ኮሜዲያኑ ባስተር ኪተን ያደገው ከአባቱና ከእናቱ ጋር በሚሠሩት የመድረክ ትርኢት ነው። በ1917 በአባቱ መጠጥ ምክንያት ትርኢቱ ፈረሰና ልጁ ብቻውን ወደ ፊልም ገባ። ጥሎት ሄደ ማለት ይቻላል። በ1923 ግን አባቱ ጆ በልጁ ፊልም ውስጥ ባቡር ነጂ ሆኖ ታየ፤ በዚያው ፊልም የባስተር ሚስትና ሕፃን ልጁም አሉበት። አንቺም የመጀመሪያው ፊልም ላይ ያጣሽውን ቦታ ሁለተኛው ላይ ልትጠይቂለት ትችያለሽ። ለመጠየቅ ግን ውስጥ መሆን አለብሽ።

አንድ የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። ምስጢሩ የእሱ ነው፤ ሳይፈቅድ ለማንም አትናገሪ። ምናልባት መድከሙ ከሚታወቅ መባረሩን ይመርጥ ይሆናል። ኩሩ ሰው እንደሆነ ከኮፍያው ገብቶኛል። ለምነሽው፣ አስረድተሽው፣ አሁንም እንቢ ካለ ግን ምርጫው የራሱ ነው፤ ያኔ እጅሽ ሳይንቀጠቀጥ ፈርሚ።

ዛሬ ማታ አናግሪው። እናትሽ በሌለችበት፣ መብራቱን አብርተሽ፣ አፍሽን እንዲያይ ፊት ለፊቱ ተቀመጪ። አትጩሂ፤ ቀስ ብለሽ ተናገሪ። ንግግርሽን ስትጨርሺ በክርንሽ ነካ አድርጊውና መልሱን ጠብቂ።