አስታማሚው ተማሪ

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ከተማ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የ9ኛ ክፍል መምህርት ነኝ። በክፍል ኃላፊነት ከምከታተላቸው ተማሪዎች አንዱ፣ የ15 ዓመት ልጅ፣ ከኅዳር ወር ወዲህ ጠዋት ጠዋት ያረፍዳል፤ አንዳንድ ቀንም ጭራሽ ይቀራል። ለብቻው ጠርቼ ስጠይቀው፣ ያሳደጉት ሴት አያቱ በስትሮክ ምክንያት ግማሽ አካላቸው እንደማይታዘዝላቸው፣ እናቱ አትክልት ለመነገድ ጎህ ሳይቀድ ስለምትወጣ አያቱን የሚያጥባቸው፣ የሚያጎርሳቸውና መድኃኒት የሚሰጣቸው እሱ እንደሆነ ነገረኝ። ነገር ግን ለማንም እንዳልናገር ለምኖኛል። ልርዳው ብል ምስጢሩን ማውጣት ይሆንብኛል፤ ዝም ብል ደግሞ ዓመቱ ይበላሽበታል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የተከበሩ መምህርት፣ ከሁሉ አስቀድሞ ልጁ የሚፈራውን ነገር ለይቶ ማወቅ ይገባል። እናቱ በሰው ፊት እንዳትወቀስ ይሰጋ ይሆናል፤ ወይም ወንድ ሆኖ አያቱን እንደሚያጥብ እኩዮቹ ቢሰሙ የሚያላግጡበት ይመስለው ይሆናል። ስለዚህ ለማንም አልናገርም ብለው ቃል ከመግባት ይልቅ፣ ለማን ምን ያህል እንደሚነገር አብረውት ይወስኑ። ለርዕሰ መምህሩ «በቤቱ የሚያስታምመው ሰው አለ» ማለት ይበቃል። በእሱ ወይም በአያቱ ላይ አደጋ የሚያደርስ ነገር ካዩ ግን ዝም እንደማይሉ ከወዲሁ በግልጽ ይንገሩት። በሰልፍ ላይ ስሙን ጠርቶ መዋጮ ማሰባሰብ፣ ከቅን ልቡና ቢመነጭም እንኳ፣ መደረግ የለበትም። «ተባረክ፣ አያትህን የጦርክ» የሚለው ምርቃትም መልካም ነው፤ ነገር ግን ያመለጠውን የሒሳብ ክፍለ ጊዜ አይመልስም፣ እንዲያውም ልጁ ደከመኝ እንዳይል አፉን ሊዘጋው ይችላል።

በትምህርት ቤት በኩል ያለው ቀላል ነው። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ቢያረፍድ ከበር እንዳይመለስ ማስፈቀድ፣ ያመለጠውን የተከታታይ ምዘና ፈተና በሌላ ቀን እንዲወስድ ከየትምህርቱ መምህራን ጋር መስማማት፣ ከቤት በአስቸኳይ ቢፈለግ በእርስዎ ስልክ እንዲደወል ማድረግ ይቻላል።

ጭንቁ ያለው ቤት ነው። እናቲቱን ሲያነጋግሩ የሄዱት ለወቀሳ እንዳልሆነ ከመጀመሪያው ቃልዎ ይታወቅ፤ ልጇን ትታ የወጣችው ለዳቦ ነውና። በከተማ ቤት ለቤት የሚሠሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በነርስነት የሠለጠኑ ስለሆኑ፣ ቤተሰቡ በአካባቢው ጤና ጣቢያ በኩል እንዲያገኛቸው ይምከሩ። በሽተኛዋ ተጋድመው ሳይሆን ቀና ብለው መጉረስ እንዳለባቸው፣ ሲውጡ የሚያስላቸው ከሆነ ለሐኪም መነገር እንዳለበት፣ የመኝታ ቁስል እንዳይወጣባቸው በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ እንደሚያስፈልጋቸው፣ ልጁም ወገቡን ሳይጎዳ እንዴት ሊያነሣቸው እንደሚችል የሚያሳየው ሰው ያስፈልጋል፤ ይህን ማንም ሳያስተምረው የሚሠራ ልጅ ሁለት ሰው ሊጎዳ ይችላል። የመድኃኒቱ ሰዓት እናቱ ከመውጣቷ በፊት ወይም ከገባች በኋላ መሆን ይችል እንደሆነም ሐኪሙ ይጠየቅ። ይህ አንድ ጥያቄ ብቻውን የጠዋቱን ጫና ሊያቀል ይችላል። ቤተሰቡ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ካልሆነ፣ ነጋዴዋ እናት በቀበሌው በኩል መጠየቅ ትችላለች።

በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ ካለባቸው፣ ልጁ ክፍል ውስጥ ባለበት ሰዓት ማን ይገላብጣቸው? በእኛ ዘንድ ታማሚን መጠየቅ ያልጠፋ ልማድ ነው፤ ችግሩ ጠያቂው ሁሉ እሑድ ይመጣና ሰኞ ጠዋት ቤቱ ባዶ መሆኑ ነው። አያቲቱ የጽዋ ማኅበር ወይም እድር ካላቸው፣ ሴቶቹ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ተራ ገብተው እንዲመጡ እናቲቱ ብትለምናቸው ልጁ ትምህርቱን ይማራል፤ አያቲቱም በሴት እጅ መታጠባቸው ሳያስደስታቸው አይቀርም።

ጉዳዩ ለርዕሰ መምህሩ የቤት ጣጣ ብቻ መስሎ ከታያቸው፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርታቸውና በጤናቸው ላይ ጉዳት ከሚያደርስ ሥራ እንዲጠበቁ መደንገጉን ያስታውሷቸው። በእንግሊዝም በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ከ18 ዓመት በታች ሆነው ቤተሰብ የሚያስታምሙ ልጆች ፍላጎታቸው እንዲጠና መብት ሰጥቷል።

ልጁ ይህን ሁሉ ሰምቶ አሁንም እንቢ ቢል አያስገድዱት። ያረፈደበትን ሰዓትና ያመለጠውን ፈተና ምክንያቱን ሳይዘረዝሩ ያመቻቹለት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ደግመው ይጠይቁት።