«ዕድሜ ልክ ቀለብ ይቆረጥልኛል ወይ?» ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት። 17 ዓመት በትዳር ኖረሻል። ሦስት ልጆች አሉሽ፤ የራስሽ ደሞዝ ኖሮሽ አያውቅም። አሁን ባልሽ የፍቺ ማመልከቻ አስገብቷል። ከፍቺ በኋላም ፍርድ ቤት ለአንቺ በየወሩ ቀለብ ይቆርጥልሽ እንደሆነ ነው የጠየቅሽው። ከጥያቄሽ ስር አንዷ አሜሪካ ያለች እህቷን ጠቅሳ «ከ10 ዓመት በላይ ከኖርሽ ዕድሜ ልክሽን ይከፍልሻል» ብላሻለች። ያንን ይዘሽ ችሎት እንዳትቀርቢ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። እኔ ቀርቤ አይቼዋለሁ።

መልሱ አጭር ነው፤ አይቆረጥልሽም። በእኛ አገር ሕግ ባልና ሚስት የመደጋገፍ ግዴታ ያለባቸው ትዳሩ እስካለ ድረስ ነው። ቀለብ የመስጠት ግዴታ ያለባቸውን ሕጉ ሲዘረዝር ወላጅና ልጅን፣ እህትና ወንድምን ይጠራል። የቀድሞ ባል እዚያ ውስጥ የለም። የአሜሪካዋ ነገር እዚያው አሜሪካ ነው። ካሊፎርኒያ ለምሳሌ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ትዳር ረጅም ይባላል። ዳኛው የትዳሩን ዕድሜ፣ የሁለቱን ገቢና ጤና፣ የለመዱትን ኑሮ፣ ሚስት ቤት በመዋሏ የቀረባትን ሥራ ሁሉ ይመዝናል። እዚያም ቢሆን ተቀባይዋ ሌላ ስታገባ አብዛኛውን ጊዜ ይቆማል።

እኔም እንዳንቺ ነበር የማስበው። በ1991 ዓ.ም. ሰሜን ሸዋ፣ ጅሩ ውስጥ በሰማንያ ተዳርኩ። ባለቤቴ ሰንጋ እያደለበ የሚሸጥ ሰው ነበር። በኋላ ደብረ ብርሃን ቤት ሠራን። በ2011 ዓ.ም. ሰማንያችን ተቀደደ። ክሱን ስከፍት ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ ለሚጽፍ ሰውዬ 200 ብር ከፈልኩ። «ዕድሜ ልኬን በወር 3,000 ብር ቀለብ ይቆረጥልኝ» ብሎ ጻፈልኝ። የቀረው አምስት ገጽ ሙሉ ወቀሳ ነው። ጠጣ፣ ሰደበኝ፣ ውሽማ ያዘ። ስለ ቤቱ ሁለት መስመር። ስለ ከብቱ ምንም።

ዳኛዋ ወረቀቱን አገላብጣ አገላብጣ ቀና አለች። «ወይዘሮ፣ የጠየቁት በሕግ የለም። የሚገባዎትን ደግሞ አልጠየቁም» አለችኝ። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ሳቀ። እኔ በነጠላዬ ፊቴን ሸፈንኩ። ክሱን አሻሽዬ እንዳቀርብ ቀጠሮ ሰጠችኝና ወጣሁ። ያን ቀን የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንቴ ውስጥ ገብቶ ነበር።

አልጠየቅሽም ካለችኝ አንዱ ጊዜያዊ ቀለብ ነው። የፍቺ ማመልከቻ እንደቀረበ ፍርድ ቤቱ ሦስት ነገር ላይ ወዲያው ትእዛዝ ይሰጣል፤ ባልና ሚስቱ በምን እንደሚተዳደሩ፣ ልጆቹ ማን ጋ እንደሚቆዩ፣ ንብረቱን ማን እንደሚይዝ። በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አንቀጽ 82 ላይ ታገኚዋለሽ። እኛ ሰሜን ሸዋ የምንዳኘው ግን በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። የአንቀጽ ቁጥሩ ይለያያል እንጂ ሐሳቡ ያው ነው። መጠኑ የሚወሰነው ባንቺ ችግርና በሱ አቅም ነው። «ሀብታም ነው» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ምን እንደሚሸጥ፣ ስንት እንደሚያገባ የሚናገር ምስክር አዘጋጂ። የሚከፈልሽም ዋናው ፍርድ እስኪሰጥ ነው። እኔ ሳልጠይቅ አራት ወር አለፈኝ። ስጠይቅ በወር 1,500 ብር ተቆረጠልኝ፤ ያለፈው ግን ቀረ። የተቆረጠልሽንም ቢሆን ይጠራቀምልኝ ብለሽ ዝም አትበይ። ሳይከፍልሽ ሦስት ወር ሳትጠይቂ ከቆየሽ፣ ለመኖር የግድ ያስፈልገኝ ነበር ብለሽ ካላስረዳሽ በቀር ወደኋላ ሄደሽ መጠየቅ አትችይም።

ዋናው ነገር ንብረቱ ነው። በትዳር ውስጥ የተፈራ ሁሉ የጋራ ነው፤ ሲፋቱ እኩል ይካፈሉታል። በሱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። «የግሌ ነው» የሚለው ወገን ነው ማስረዳት ያለበት። ከጋብቻ በፊት የነበረው፣ በውርስ ወይም በስጦታ ያገኘው የግሉ ነው። ከግል ንብረቱ የሚገኘው ገቢ ግን የጋራ ነው። ካባቱ የወረሰው ቤት የሱ ሆኖ ኪራዩ የሁለታችሁ ነው ማለት ነው። ይህንን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ አንዳንድ ወረቀት ጻፊም አያውቀውም። ደሞዝ የለኝም ብለሽም አትፍሪ። ገንዘቡን ማን አመጣው ተብሎ አይደለም ንብረቱ የሚከፋፈለው። ለቤቱ የተበደራችሁት ዕዳ ካለ ግን እሱም የጋራ ነው።

እኔን ያቃጠለኝ ከብቱ ነው። ስድስት ሰንጋ ጅሩ ከወንድሙ ግቢ ታስረው ነበር። ክረምት ከበጋ ጓያና ገለባ የበሉ፣ አተላ ከጎረቤት በባልዲ እየተሸከምኩ ያጠጣኋቸው። አንዱን ቦራ በሬ ልጆቹ «ዶክተር» ይሉት ነበር፤ ለምን እንደሆነ እነሱ ናቸው የሚያውቁት። ዳኛዋ ልማዱ ስለሆነ መጀመሪያ ታረቁ ብላ ሽማግሌ እንድንይዝ አደረገች። ሽማግሌ ሲሄድ ሲመለስ ሰንጋው አዲስ አበባ ገብቶ ተሸጠ። ለፋሲካ ነበር። ስድስቱም አለቁ።

ያዳነኝ አንድ ትንሽ ደብተር ነው። እሱ የሸጠውን ሁሉ በእጁ ይጽፋል፤ የበሬውን መልክ፣ የገዢውን ሰፈር፣ ብሩን። «ቦራው» የሚለው መስመርም እዚያ አለ። ሴት ልጄ በስልኳ ፎቶ አንስታው ነበር። አብሮ የሸጠው ደላላም መጥቶ መሰከረ። ፍርድ ቤቱ ሰንጋዎቹ እንዳሉ ቆጥሮ የግማሹን ዋጋ ከቤቱ ድርሻው ላይ እንዲቀነስ ወሰነልኝ። ደብተሩ ባይኖር ኖሮ «ድሮ ሸጬ በልተነዋል» ብሎ ይገላገል ነበር። በፌዴራሉ ሕግ እንኳን ሰንጋ፣ ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ የጋራ ዕቃ ያለ ሌላው ፈቃድ መሸጥ አይቻልም። ዛሬ 500 ብር ዶሮ ይግዛ አይግዛ እንጃ! ከሸጠ፣ ባወቅሽ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢበዛ ሽያጩ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ውሉ ይፍረስልኝ ማለት ትችያለሽ። ከዚያ በፊት ግን ንብረቱ እንዳይሸጥ የእግድ ትእዛዝ ጠይቂ። ለማዘጋጃ ቤቱ፣ ለባንኩ፣ መኪና ካለ ለመንገድ ትራንስፖርት ደብዳቤ ይጻፍልሽ። ከሽማግሌው በፊት።

የገጠር መሬት ካላችሁ የይዞታ ደብተሩን እዪው። በእኛ ክልል የባልና ሚስት ይዞታ ሲሆን የሁለታችሁም ስም ይኖርበታል። መሬት አይሸጥም፤ የመጠቀም መብቱ ነው የሚካፈለው። ለኔ ሁለት ጥማድ ደረሰኝ። ለአጎቴ ልጅ በእኩል ሰጥቼዋለሁ፤ ስንዴው ይመጣልኛል። የቤቱንም ድርሻ በግንብ ከፍለነው ሁለት ክፍል አከራያለሁ።

የልጆቹ ቀለብ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ካንቺ ጋር አታደባልቂው። ልጆቹ አንቺ ጋ ከሆኑ እሱ ይከፍላል። ኑሮው ሲወደድ ወይም ገቢው ሲጨምር ይሻሻልልኝ ብለሽ እንደገና መሄድ ትችያለሽ፤ እኔ ሁለት ጊዜ አሻሽያለሁ። አልከፍልም ካለ ፍርዱ በግድ እንዲፈጸም የአፈጻጸም ክስ ትከፍቻለሽ። በእምቢታው ከጸና ቀለብ አለመክፈልን የሚቀጣው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 658ም አለ።

ረዘም ያለ ድጋፍ የሚገኝበት አንድ በር ቢኖር ስምምነት ነው። በስምምነት ስትፋቱ የፍቺውን ውጤት ራሳችሁ ጽፋችሁ ታቀርባላችሁ፤ ሕግና ሞራል ካልተቃረነ ፍርድ ቤቱ ያጸድቀዋል። የማውቃት አንዲት ሴት ባሏ የሱቅ ኪራይ ለሁለት ዓመት እንዲከፍልላት አስጽፋለች፤ ከፍሏልም። ባልሽ ሰው የሚሰማ ከሆነ ሞክሪው። በቃል ብቻ «እረዳሻለሁ» ካለሽ ግን እንዳትቀበይ።

ለፍቺው ምክንያት የሆነው ወገን ካሳ የሚከፍልበት ሁኔታም አለ፤ በፌዴራሉ አንቀጽ 84 ነው። ጥፋቱንም ጉዳቱንም ማስረዳት ይጠበቅብሻል። እኔ ጠይቄ አላገኘሁም፤ አምስቱ ገጽ ወቀሳ ያለ ምስክር ወረቀት ብቻ ሆኖ ቀረ።

ለዳኝነት የሚከፈል ገንዘብ ከሌለሽ ክፍያው ቀርቶልሽ በድሃ ደንብ እንድትከራከሪ ማመልከት ትችያለሽ፤ የቀበሌ ማስረጃ ይዘሽ ሂጂ። ፍርዱ ካልጣመሽ ይግባኝ 60 ቀን ነው፤ ከወረዳ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት።

እስቲ ይህንን ንገሪኝ፤ ቤቱ ካርታ አለው? በማን ስም ነው? ከብት፣ መኪና፣ የባንክ ደብተር አለ? እሱ ቤት በሌለ ሰዓት ያገኘሽውን ወረቀት ሁሉ ፎቶ አንሺና ለእህትሽ ላኪላት፤ ያንቺ ስልክ ላይ ብቻ አይቅር። መጥሪያው ላይ ያለውን የቀጠሮ ቀንም ጻፊልኝ፤ መልስሽ ላይ ምን እንደሚቀድም አብረን እናያለን።